የባሕር ላይ መርዶ

ጥር 16 ቀን 2016 ዓ.ም.
ፓናማ፣ ከደሴቶቹ አጠገብ

ይድረስ ለምወድሽ እኅቴ ለዘቢደር፤

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽን እንዴት አደረገሽ? ሱቁስ? እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ።

ስልክ እያለ በወረቀት መጻፌ ሳይገርምሽ አይቀርም። ካፒቴኑ በሳተላይት ስልኩ እንድደውል ፈቅዶልኝ ቁጥርሽን እስከ መጨረሻው ነክቼ ዘጋሁት። ድምፄን ስትሰሚ ትጮኺያለሽ። ፌርፋክስ ሱቅሽ ውስጥ የተጮኸ ጩኸት ደግሞ እትዬ ታደለች ጆሮ ለመድረስ አንድ የትራፊክ መብራት አይፈጅበትም። ስለዚህ ጽፌ ፎቶ አንስቼ ወደብ ስንደርስ እልክልሻለሁ፤ አንቺም እንደዚሁ ጽፈሽ መልሺልኝ።

አሁን የሱቁን በር ዝጊና ተቀመጪ።

ዮፍታሄ የለም። ሰኞ ጥር 13 ቀትር ላይ ውሃ ውስጥ ገብቶ አልወጣም። ባለቤቶቹና እንግዶቻቸው ምሳ ሊበሉ ከካፒቴኑ ጋር ደሴቲቱ ላይ ወርደው ነበር። ጀልባዋ መልሕቋን ጥላ ቆማለች፤ ላይዋ ላይ የቀረነው እኔና እሱ ብቻ ነን። እሱ የጀልባዋን ጎን ይወለውላል፤ እኔ የወጥ ቤቱን ሥራ ጨርሼ ታች አረፍ ብያለሁ። ስወጣ ባልዲው አለ። በሙቀቱ ምክንያት ያወለቀው የመንሳፈፊያ ሰደርያ ወንበር ላይ ተንጠልጥሏል። መወልወያው ውሃው ላይ እየተንሳፈፈ ይርቃል። እዚህ ላይ ላዩ የረጋ ይመስላል እንጂ ውሃው ከሥር ይስባል። የባሕር ጠባቂዎቹም ዓሣ አጥማጆቹም ሦስት ቀን ሙሉ ፈለጉት፤ ዛሬም እየፈለጉ ነው።

ሲቀጠር "ችግር ቢፈጠር የሚጠራ ሰው" የሚለው ላይ የሞላው የእኔን ስም ነው። እናቴ እንግሊዝኛ ሲያወሩባት ትደነግጣለች ብሎ። ስለዚህ ከእኔ በቀር ለእትዬ ታደለች የሚነግራት የለም። ካፒቴኑ "አሁኑኑ ደውልላት" ሲለኝ፣ በእኛ ዘንድ ብቻዋን ላለች እናት በስልክ እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም ብዬ ለመንኩት። አንድ ልጇ ነው። ክሬንሾው ላይ ብቻዋን ነው የምትኖረው። ለጋሼ ብርሃነመስቀልና ለእድሩ ሰዎች ንገሪ። በማለዳ፣ አዛውንቶች አስቀድማችሁ፣ የሚይዛት ሰው አዘጋጅታችሁ፣ በወጉ መርዶዋን ንገሯት።

ይህን ልጅ ይሠራበት ከነበረው የካልቨር ሲቲ የመኪና ማቆሚያ አውጥቼ ባሕር ላይ ያመጣሁት እኔ ነኝ። አደራ ያለችኝም እኔን ነው።

ወንድምሽ ካሣዬ

*

ጥር 19 ቀን 2016 ዓ.ም.
ሎስ አንጀለስ

ለወንድሜ ለካሣዬ፤

ጽሑፍህ ዛሬም የዶሮ ጭረት ነው። ሦስት ጊዜ ያነበብኩት ግን ለዚያ አይደለም።

እንደ ነገርከኝ በሩን ዘግቼ፣ ከበርበሬው ጆንያ ላይ ተቀምጬ፣ የነጠላዬን ጫፍ አፌ ውስጥ ከትቼ አለቀስኩ። ዓይኔን ታጥቤ በሩን ስከፍት ማን ቆሞ ቢጠብቀኝ ጥሩ ነው? ታደለች! ዓይኔን አይታ "ምነው?" ብትለኝ ሚጥሚጣ ስፈጭ ነው አልኳት። ሽሮ መዘንኩላት፤ ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ። "ዮፍቲን ባሕሩ ተስማምቶታል፤ ካሣዬ እንደ አባት ነው የያዘው" ትለኛለች። የእናት ምኞት ነው ብዬ አንገቴን ደፍቼ ሽሮዬን አሰርኩ። ሰው እንዴት እንዲህ ያለ ነገር ሆዱ ውስጥ ይዞ ደህና ዋይ ይላል? እኔ ብያለሁ።

ማታውኑ ጋሼ ብርሃነመስቀል ቤት ተሰበሰብን። ክርክሩን አልነግርህም፤ የእኛን ስብሰባ ታውቀዋለህ። ጋሼ "ሊስን፣ አስከሬን ሳይገኝ መርዶ እንዴት ይነገራል? ፈርስት ኮንፈርም ይደረግ" ይላሉ። ነርሷ ዶርካስ ደግሞ "ጋሼ፣ እናት ናት እኮ! የማወቅ ራይት አላት" ትላለች። በመጨረሻ እስከ ቅዳሜ ካልተገኘ ቅዳሜ ማለዳ እንነግራታለን ተባለ። እስከዚያ ለማንም ትንፍሽ እንዳይባል ጋሼ አስማሉን።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። አረፍ ብዬ ነበር ያልከው ተኝተህ ነው ወይስ ነቅተህ? እንዲያው ነው የጠየቅኩህ። ምግብ ብላ። ብቻህን መሆንህን ሳስበው ሆዴ ይባባል።

እኅትህ ዘቢደር

*

ጥር 22 ቀን 2016 ዓ.ም.
ፓናማ

ለእኅቴ ለዘቢደር፤

ደብዳቤሽ ዘግይቶ ነው የደረሰኝ፤ ያዘገየው የእኛ ኔትወርክ ነው።

ፍለጋው ትናንት ቆመ። ጀልባዋ ግን አልቆመችም። ባለቤቶቹ ደጎች ናቸው፤ የጥርስ ሐኪሙም ሚስቱም ከልባቸው አልቅሰዋል። ካለቀሱ በኋላ ግን ይህን ጉዞ ሁለት ዓመት የጠበቁ እንግዶች አሉ። እናም ከደሴት ደሴት መዞሩ ቀጠለ። እኔ ፖሊሶቹ ወረቀታቸውን እስኪጨርሱ ከዚህ አገር አልወጣም፤ ወደብ ላይ ወርደህ ሆቴል ጠብቅ ብለውኝ ነበር። እምቢ አልኩ። ብወርድ ትቼው የምሄድ መሰለኝ።

እዚህ ብትመጪ "ገነት ማለት ይሄ ነው" ትያለሽ። ኮኮናቱ እስከ ውሃው ዳር ወርዶ ያጎነብሳል፤ አሸዋው የተነፋ ዱቄት ነው። ውሃው ከመጥራቱ የተነሳ የመልሕቁ ሰንሰለት እስከ ታች ድረስ ይታያል። ይህ መጥራቱ ነው የጠላሁት። እንግዶቹ የባሕር መነጽር አድርገው ዓሣ ለማየት በገቡ ቁጥር፣ አሁን አንዱ ጮኾ ይወጣል እያልኩ ሽንኩርት እከትፋለሁ። ማታ "ዛሬ ምን አያችሁ?" ብዬ እጠይቃቸዋለሁ። ኤሊ አየን ይሉኛል።

የላይኛው አልጋ የሱ ነበር። አሁንም ሲጢጥ ሲል ያድራል። ጀልባ ነው፣ ሁሉም ነገሩ ሲጢጥ ይላል ትይኛለሽ። እኔም ለራሴ እንደሱ ነው የምለው፤ ግን የሱን መገላበጥ አውቀዋለሁ። ትናንት ብድግ ብዬ ዳበስኩት። ፍራሹ ደረቅ ነው። ለምን እርጥብ ይሆናል ብዬ እንደጠበቅኩ አላውቅም።

ለጠየቅሽኝ፦ አረፍ ብዬ ነበር ብያለሁ፤ የምጨምረው የለኝም። ከዚያ ወዲህ ቀትር ላይ አልተኛም። ቅዳሜ ስትነግሯት ቀስ በሉ። እኔ ያልኩትን ብቻ ንገሯት፤ ዓሣ በላው ምናምን የሚል ሰው ካለ ከደጅ መልሺው።

ካሣዬ

*

ጥር 26 ቀን 2016 ዓ.ም.
ሎስ አንጀለስ

ካሣዬ፤

ዛሬ እንደምን አለህ አልልህም። መጀመሪያ የሆነውን ስማ።

ትናንት ሊነጋጋ ሲል በአራት መኪና አሥራ ሁለት ሰው ሆነን ሄድን። ጋሼ ብርሃነመስቀል "ኖ፣ እዚህ ፓርክ አታድርጉ፣ ትባንናለች" ብለው ሁለት ብሎክ ርቀን አቆምን። ነጠላችንን አዘቅዝቀን በክሬንሾው መንገድ ላይ ስንሄድ ውሻውን ይዞ የሚመጣ ሰውዬ አይቶን ወደ ማዶ ተሻገረ። በሩን ስናንኳኳ ታደለች የሥራ ልብሷን ለብሳ ከፈተች። የምትንከባከባቸው ሽማግሌ ኢንግልዉድ ናቸው፤ በማለዳ ነው የምትወጣው። አየችን። ነጠላ አዘቅዝቆ ሳይነጋ የመጣ ሰው ለሰርግ እንደማይጠራ ማን ያጣዋል? ግድግዳውን ተደግፋ "ማነው?" አለች።

ጋሼ "እግዚአብሔር ያጽናሽ ልጄ፤ ዮፍታሄን ባሕሩ ወሰደብን" አሉ። ዶርካስ ልትይዛት እጇን ዘርግታለች።

ካሣዬ፣ ሳቀች።

"ዮፍቲን? መቼ?" አለች። ሁለት ሳምንት ሊሞላው ነው አልናት። "ውይ በሞትኩት! ነፍሴን አወጣችኋት እኮ!" ብላ ገብታ ስልኳን ይዛ መጣች። የዚያኑ ሌሊት፣ እኛ ነጠላችንን ስናዘጋጅ የመጣላትን መልእክት ድምጿን ከፍ አድርጋ አነበበችልን። "እማዬ በልቻለሁ። ዛሬ ዶልፊን አየን። ጋሼ ካሣዬ ደህና ነው። ተኚ በቃ።" ጋሼ መነጽራቸውን አውጥተው "ዴቱን፣ ዴቱን አሳዪኝ" አሉ። ዴቱ የአርብ ማታ ነው። ወደ ላይ ብትገፋው የሐሙስም አለ። በየቀኑ አለ!

ልናስለቅሳት ሄደን ሻይ አፍልታ ደገፈችን። "እንዲህ ያለ ነገር ሳይጣራ አይወራም" ተብለን ተመክረን ወጣን። እኔ በሩ ላይ ስደርስ ግን ክንዴን ይዛ "አንቺ ሴትዮ፣ ልጄን በቁሙ ቀበርሽብኝ" አለችኝ። ሃያ ዓመት አብራኝ ጠበል የጠጣች ሴት ናት።

አሁን መልስልኝ። ልጁ በሕይወት ካለ ንገረኝ፤ ፌርፋክስ መሐል ላይ እልል ብዬ ፖሊስ ይያዘኝ። ከሌለ ግን በዚያ ስልክ ውስጥ ያለውን ሰውዬ አውቀዋለሁ። እኔ ስነጫነጭ ከልጅነቱ ጀምሮ "ተኚ በቃ" የሚለኝ አንድ ሰው ብቻ ነው። እግዚአብሔር ይይልህ፤ ምን አደረግክ?

ዘቢደር

*

ጥር 29 ቀን 2016 ዓ.ም.
ፓናማ

እኅቴ፤

እኔ ነኝ። ልጁ የለም፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አንቺንም ሽማግሌዎቹንም ስላዋረድኳችሁ ይቅርታ ብል ይቅርታው ያፍራል።

የዚያኑ ቀን ማታ ነው የጀመረው። የባሕር ጠባቂዎቹ መብራት ሩቅ ውሃው ላይ ይዞራል፤ እኔ አልጋዬ ላይ ተቀምጫለሁ። ከላይ፣ ከሱ አልጋ ላይ ስልኩ በራ፤ የጀልባዋ ኔትወርክ ፎቶ አያሳልፍም እንጂ ለአጭር መልእክት አያንስም። "ዮፍቲዬ በላህ ወይ?" ይላል። አልነካሁትም። ቆይቶ እንደገና በራ፤ "ምነው ዝም አልክ?" ወደብ ስንቆም ኳስ እንድናይበት ብሎ ራሱ የስልኩን ቁልፍ ነግሮኝ ነበር። ዘቢደር፣ ጥሪ መልስ አጥቶ መቅረቱን አልቻልኩትም። ለምን እንዳልቻልኩ አሁን አትጠይቂኝ። "በልቻለሁ እማዬ" ብዬ ጻፍኩላት።

ለአንድ ማታ ነበር። እናንተ እስክትሰበሰቡ ብቻዋን ሆና ክፉ እንዳታስብ፣ መርዶዋ በወጉ እስኪነገራት ብዬ ነው። እናንተ ደግሞ ቅዳሜ አላችሁ፤ ቅዳሜ ሩቅ ሆነብኝ። በየማታው ትጠይቀኛለች፣ በየማታው እመልሳለሁ። ጉልበቷን እንዳመማት፣ ሽማግሌው ሾርባውን እንዳልበሉላት ሁሉ ትነግረኛለች። ደግሞ ምን ትለኛለች መሰለሽ? "ካሣዬን እንዳታስቸግረው፤ ሰላም በልልኝ።" እኔም "ሰላም ብሎሻል" እላታለሁ። አርብ ማታ ነገ እንደምትሄዱ እያወቅኩ ጻፍኩላት። የመጨረሻ ሌሊቷን ተኝታ ትደር ብዬ ነው። መርዶውን የማበላሽ መሆኔ አልታየኝም። እናንተ ስትነግሯት የምታምን እንጂ ስልኳን የምታሳይ አልመሰለኝም፤ እግዜር ያሳይሽ፣ የጻፍኩትን ሁሉ እያየች መሆኗን ረስቼ ነበር።

እውነቱን ልናገር ካልኩ ደግሞ፣ እሱ ሆኜ በምጽፍባቸው ደቂቃዎች ልጁ የሞተ አይመስለኝም ነበር። የላይኛው አልጋም ዝም ይል ነበር።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ወዲህ አንድም ቃል አልጻፍኩላትም። ስልኩን ለካፒቴኑ ሰጥቼዋለሁ። እኔ እንደሆንኩ ንገሯት።

ካሣዬ

*

የካቲት 8 ቀን 2016 ዓ.ም.
ሎስ አንጀለስ

ለካሣዬ፤

ስድብ የሞላበት ደብዳቤ ጽፌልህ ነበር፤ ቀድጄ ጣልኩት። ይሄኛውን አንብብ።

ነገርናት። አላመነችም። መልእክቱ የቆመ ቀን ሥራ ቀረች። በማግስቱም ቀረች። አሁን ጠዋት ሱቄን ስከፍት ደጃፉ ላይ ቆማ አገኛታለሁ። ሚዛኑ አጠገብ ወንበር ስቤላት ስልኳን ጭኗ ላይ አድርጋ ትቀመጣለች። ደንበኛ በገባ ቁጥር ስልኩ የጮኸ እየመሰላት ብድግ ትላለች። ተቀይማኝ ለምን እኔ ጋ እንደምትመጣ ጠየቅኳት። "ካሣዬ ቢደውል አንቺ ጋ ነዋ የሚደውለው" አለችኝ።

የጻፈው ካሣዬ ነው ስላት "ካሣዬ እንዲህ አያደርግም! ማዕዴ ላይ የበላ ሰው ነው" ትላለች። ሞቷል የሚል ሰው ስትሰማ "እናንተ ሞቷል ስትሉኝ እኮ እየጻፈልኝ ነበር፤ አሁን ምኑን ልመናችሁ?" ብላ ትመልሳለች። ጋሼ ብርሃነመስቀልም እውነቷን ነው ይላሉ፤ "እኛ ክሬዲታችንን አጥተናል።" አንዴ የተበላሸ መርዶ ሁለተኛ አይሰምርም፤ ለዚህ ቄስም ሽማግሌም መላ የለውም። ልጇን አታለቅሰው፣ አትጠብቀው፣ መሐል ላይ ተሰቅላለች። ሳትበላ ነው የምትውለው ካሣዬ። ዶርካስ እንዲህ ከቆየች እሷንም እናጣታለን ትላለች።

ትናንት ድንገት ምን አለችኝ? "ዮፍቲ ሲወድቅ ዝም ብሎ አይወድቅም። ይጣራል። ካሣዬ እዚያው ከነበረ ይሰማዋል። ሰምቶት ነበር ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ። ሰማሁት ካለ አምናለሁ፤ አልሰማሁም ካለ ልጄ አለ።"

አንድ ጊዜ ጠይቄህ አልፈኸኛል፤ ቀትር ላይ አልተኛም ብለህ አልፈኸኛል። ጥሪ መልስ ሲያጣ አልቻልኩም ብለህም አልፈኸኛል። እኅትህ ነኝ፤ ስታልፈኝ አውቃለሁ። ሰምተኸው ነበር?

ዘቢደር

*

የካቲት 14 ቀን 2016 ዓ.ም.
ፓናማ

ለእኅቴ ለዘቢደር፤

ይህን ደብዳቤ ለእትዬ ታደለች አንብቢላት። ሰው ካለ ይኑር፤ አልደብቅም።

ሰምቼው ነበር።

ነቅቼ ነበር የተጋደምኩት። መስኮቷን ከፍቻለሁ፤ ጀልባዋ አትነቃነቅም፤ ወፍ እንኳ አይጮኽም። ፀሐይዋ አናት ላይ ናት። ስሜ ተጠራ። "ጋሼ ካሣዬ" አለ። ድምፁ የመጣው ከላይ ከጀልባዋ ሳይሆን ከታች፣ ከውሃው በኩል ነበር። ልጁ ከላይ መሆኑን አውቃለሁ፤ ከውሃ ውስጥ ማን ይጠራኛል? ዘቢደር፣ አንቺ ታውቂዋለሽ። አቃቂ ወንዝ ዳር ስናድግ እናታችን ምን ትለን ነበር? በቀትር ከውሃ በኩል ስማችሁ ሲጠራ፣ ሦስት ጊዜ ሳትሰሙ አቤት እንዳትሉ። ሰው ከሆነ ሦስት ጊዜ ይጠራል፤ የቀትር ጋኔን ግን ሁለቴ ጠርቶ ይጠብቃል፤ አቤት ያለውን ይወስዳል። ሐምሳ አራት ዓመቴ ነው። ግብር እከፍላለሁ፣ መንጃ ፈቃድ አለኝ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አሜሪካ ኖሬያለሁ። ስሜ ሲጠራ ግን ብርድ ልብሱን ይዤ ትንፋሼን ዋጥኩ።

ሁለተኛ ተጠራሁ። ሦስተኛውን ጠበቅኩ።

ሦስተኛው አልመጣም። አየሽ፣ ያልኩት አልቀረም፣ ሰው አይደለም ብዬ አማተብኩ። እፎይ አልኩ እኮ! ዳንኩ ብዬ ራሴን አመሰገንኩ። ምን ያህል እንደተኛሁ አላውቅም። ከዚያ ወጣሁ፤ ባልዲውን አየሁ።

ገመድ መወርወር ነበር። አቤት ብዬ ብወጣ አሥር እርምጃ ነው። ለፖሊሶቹ ተኝቼ ነበር ብያለሁ፤ ይህን በምን ቋንቋ ልነግራቸው እችላለሁ? አንዴ ለካፒቴኑ ልነግረው ጀምሬ ፊቱን አይቼ ተውኩት።

አሁን በየቀኑ ቀትር ላይ እጠራለሁ። የትኛውም ደሴት አጠገብ ብንሆን ሰዓቱን አይስትም። ሳህን እያጠብኩ ቢሆንም፣ እንግዶች መሐል ቢሆንም፣ "አቤት!" እላለሁ ጮክ ብዬ፤ በመጀመሪያው። የሐኪሙ ሚስት ዛሬ ትከሻዬን ይዛ "ማንም አልጠራህም" አለችኝ። እንደማይረባኝ አውቃለሁ። ግን እንዴት ዝም እላለሁ?

እትዬ ታደለች፣ ሰማሁት ካለ አምናለሁ ብለዋል። ሰምቼዋለሁ። ልጅዎ የለም። የፈለጉትን ይፍረዱብኝ።

ካሣዬ

*

የካቲት 21 ቀን 2016 ዓ.ም.
ሎስ አንጀለስ

ለወንድሜ ለካሣዬ፤

ትናንት የነነዌ መጨረሻ ስለነበር ሱቁን በጊዜ ዘግቼ እሷ ቤት ሄድኩ። ጋሼ ብርሃነመስቀልና ዶርካስ ነበሩ። ታደለች ሦስቱንም ቀን ጾማ፣ "ዮናስን እንኳ በሦስት ቀኑ ዓሣው አውጥቶታል" ስትል ውላለች። ተዘጋጅተን አልሄድንም፤ ነጠላም አላዘቀዘቅንም። ቁጭ ብዬ አነበብኩላት።

እናታችን ያለችው ላይ ስደርስ እኔ ራሴ ማንበቤን አቋረጥኩ። እኔም ይህን ነገር አምኜ ነው ያደግኩት ካሣዬ። እኔ ብሆን አቤት እል ነበር ብዬ ልፈርድብህ ፈለግኩ፤ አልቻልኩም። ጋሼም ጣሪያ ጣሪያውን ነው የሚያዩት። አንድም ሰው "እንዴት እንዲህ ያስባል?" አላለም፤ ዶርካስ እንኳን፣ ጴንጤዋ።

ታደለች እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። "አልሰማሁም ይላል ብዬ ነበር" አለች ቀስ ብላ። ከዚያ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ጮኸች። ጎረቤቶቿ በየበራቸው ወጡ። ያን የመሰለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም፤ ግን ክፉ ብባል ልባል፣ ስትጮህ ከላዬ ላይ ድንጋይ የወረደ ያህል ነው የተሰማኝ። እስከ ማታ ፌርፋክስ ሁሉ መጣ። ኮሪደሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጫማ ነው። ዛሬ ሐዘን ተቀምጣለች፤ የእድሩ ሰዎች ምግብ ያመላልሳሉ፣ ትንሽ ሾርባም ቀምሳለች።

ስምህን አልረገመችም። አልመረቀችም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ ሰው ሁሉ ሲወጣ ጠብቃ ነው። "ድምፁ እንዴት ነበር? ፈርቶ ነበር ወይ?" አለችኝ። ካሣዬ ይመልስልኝ፤ ለእኔ ይጻፍልኝ፣ ካንቺ አልሰማም ብላለች።

ስለ እመቤቴ ብለህ ስማኝ። አልፈራም ነበር በላት። እንቅልፍ እንደያዘው ሰው ቀስ ብሎ ነበር በላት፤ ወትሮ እንደሚያወራው ነበር በላት። ይህችን አንዲት ውሸት ጨምርልኝ፤ ኃጢአቷን እኔ ለንስሐ አባቴ እናዘዛታለሁ። እስከ ዛሬ የዋሸኸው ጎድቷታል፤ ይሄኛው ያሳርፋታል።

ዘቢደር

*

የካቲት 24 ቀን 2016 ዓ.ም.
ፓናማ

ይድረስ ለእትዬ ታደለች፤

እግዚአብሔር ያጽናዎት። ይህን ቃል ከሁሉ በፊት ማለት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፤ ከሁሉ በኋላ አልኩት።

ስለ ድምፁ ጠይቀውኛል። እኅቴ የምመልስልዎትን ልካልኛለች። በልጅዎ ስም የጻፍኩልዎት ሁሉ ውሸት ነበር፤ በራሴ ስም የምጽፍልዎት የመጀመሪያው ነገር ግን ውሸት እንዲሆን አልፈልግም። እሷም ይቅር ትበለኝ።

በመጀመሪያው አልፈራም ነበር። መወልወያው ወደቀብኝ፣ አቀብለኝ እንደሚል ሰው ነው የጠራኝ። እንደምመጣ አላጠራጠረውም። እዚያ ድረስ ያለው ልጅዎ ምንም ያልነካው ነው።

በሁለተኛው ፈርቶ ነበር። "ጋሼ" ብሎ ስሜን አልጨረሰውም።

እርስዎን አልጠራም እትዬ ታደለች። እናቶች ይህንንም ማወቅ ይፈልጋሉ ብዬ ነው። የጠራው አጠገቡ የነበረውን ሰው፣ አደራ የሰጡትን ሰው ነው። ትክክለኛውን ሰው ነበር የጠራው።

ለፖሊሶቹ ትናንት እውነቱን ነገርኳቸው። አስተርጓሚዋ ሁለት ጊዜ ደግማ ጠየቀችኝ፤ ከዚያ ጻፉት፣ ፈረምኩ፣ ሂድ አሉኝ። የሚመጣው እሑድ ሎስ አንጀለስ እገባለሁ። ከአየር ማረፊያው ወደ እኅቴ ቤት አልሄድም፤ በቀጥታ ለቅሶ ልደርስ ነው የምመጣው። ባይከፍቱልኝ አልቀየምም። ደጃፍዎ ላይ፣ ጫማው መሐል ቆሜ አለቅሰዋለሁ።

ካሣዬ